በክላይምበር ዛፍ መውጣት፦ ማማውን የሚያስይዘው የእናንተው ክብደት ነው

በአደን ጊዜ ከፍ ብሎ አውሬ ለመጠባበቅ የሚሠሩ ማማዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። መሰላሉ አብሮት የተሠራ አለ፤ ግንድ ላይ በቀበቶ ታስሮ የሚሰነብት አለ። ክላይምበር የሚባለው ከሁለቱም ይለያል። ጀርባችሁ ላይ አዝላችሁት ትሄዳላችሁ፣ የመረጣችሁት ዛፍ ሥር ትገጥሙታላችሁ፣ ከዚያ እላዩ ላይ ሆናችሁ እንደ አባ ጨጓሬ ሰብሰብ ዘርጋ እያላችሁ ትወጣላችሁ። ስትጨርሱም ይዛችሁት ትወርዳላችሁ። መሰላል አይፈልግም፤ ሚስማርም አይፈልግም።

ሁለት ቁራጭ ነው። ላይኛው መቀመጫው ነው፤ ታችኛው እግር የሚያርፍበት መርገጫ። ሁለቱም የየራሳቸው የሽቦ ገመድ (አንዳንዱ ሰንሰለት ወይም ወፍራም ቀበቶ) አላቸው፤ ገመዱ ግንዱን ከኋላ ይዞረዋል። ሁለቱ ቁራጮች እርስ በርሳቸው የሚገናኙት በአንዲት ቀጭን ማያያዣ ገመድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፦ ይህ ነገር ግንዱን በምን ይይዛል? ብሎን የለውም፣ ገመዱም ግንዱን አጥብቆ አያስረውም። የሚይዘው በጫና ነው። መርገጫው ላይ ስትቆሙ ክብደታችሁ የውጭውን ጫፍ ወደ ታች ይጫነዋል። ያኔ ከኋላ ከፍ ብሎ የዞረው ገመድ የግንዱን ጀርባ ወደ እናንተ ይስባል፤ ከፊት ዝቅ ብሎ ያለው ጥርስ ያለው አግዳሚ ብረት ደግሞ የግንዱን ፊት ይገፋል። ግንዱ በሁለቱ መካከል ይነከሳል። ክብደቱ ከግንዱ በራቀ ቁጥር ንክሻው ይጠነክራል፤ ክብደቱ ሲነሳ ንክሻው ይለቃል። እንዲወጣ የሚያስችለውም፣ ሰው የሚጥለውም ይኸው አንድ ባሕርይ ነው።

ይህን በዓይን ለማየት መርገጫውን ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጋችሁ ግጠሙት። ፊታችሁን ወደ ግንዱ አዙራችሁ፣ ተረከዛችሁን ወደ ውጭው ጫፍ ወስዳችሁ ቁሙበት፤ ጥርሱ ቅርፊቱ ውስጥ ሲገባ ይሰማችኋል። አሁን ግንዱን ተጠግታችሁ፣ ደረታችሁን አስደግፋችሁ ወዘወዝ በሉ። ንክሻው እንዴት እንደሚላላ እግራችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ሌላው ሁሉ፣ ከአመራረጡ እስከ አወራረዱ፣ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ሲገዛ ምን ይታያል

መጀመሪያ የሚነበበው የክብደት ጣሪያው ነው። አብዛኛው ክላይምበር 300 ፓውንድ (136 ኪሎ ገደማ) ወይም 350 ፓውንድ (159 ኪሎ ገደማ) ተብሎ ይጻፍበታል። ቁጥሩ የሰውየው ብቻ አይደለም፤ ማማው ላይ የሚያርፈው ሁሉ ይቆጠራል። 105 ኪሎ የሚመዝን ሰው የክረምት ልብስና ቡትስ 6 ኪሎ፣ ቦርሳ ከነውሃው 7 ኪሎ፣ መሣሪያ 4 ኪሎ፣ የደህንነት ቀበቶ 2 ኪሎ ቢጨምርበት 124 ኪሎ ይሞላል። 136 ሲል ገና ብዙ የቀረው ይመስላል፤ ግን ጣሪያው የተሰጠው ማማው አዲስ፣ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ አቋቋሙም ትክክል ሆኖ ነው። እንዲህ ያለ ሰው 159ኙን ቢይዝ ይሻላል።

ሁለተኛው የማማው የራሱ ክብደት ነው። የአሉሚኒየሙ ከ8 እስከ 12 ኪሎ ይደርሳል፤ የብረቱ ከዚያ ያልፋል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ከመኪና ሁለት መቶ ሜትር ለሚሄድ ሰው ልዩነቱ ምንም አይደለም። ሁለት ኪሎ ሜትር ዳገት ለሚወጣ ግን 4 ኪሎ ትርፍ ማለት ዛፉ ሥር በላብ ርሶ መድረስ ማለት ነው፤ በላብ የራሰ ሰው ደግሞ ሳይንቀሳቀስ ሲቀመጥ በግማሽ ሰዓት ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ካራቢነር (የደህንነት ገመዱን የሚያያይዘውን የሚቆለፍ የብረት ቀለበት) በትክክል አይዘጋም። ስለዚህ ክብደት የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው የመቀመጫው ፊት ነው። ከፊት አግዳሚ ብረት ያለው ዝግ ዓይነት ለጠመንጃ ይመቻል፤ ክንድ ይደገፍበታል፣ ሲወጣም ብረቱ ላይ መቀመጥ ይቻላል። ፊቱ ክፍት የሆነው ለቀስት ነው፤ የቀስቱ የታችኛው ክንድ ብረት አይነካም። ችግሩ፣ ክፍት በሆነው ላይ ሲወጣ የሚቀመጡበት ነገር ስለሌለ በክንድና በትከሻ ጉልበት መንጠልጠል ሊጠይቅ ይችላል። መቀመጫ የሌለው፣ በእጅ ብቻ የሚሳብ ቀላል ዓይነትም አለ። ለጀማሪ ይህን አንመክርም፤ ሲወጡ ባይከብድም ከአምስት ሰዓት ብርድ በኋላ በደነዘዘ ክንድ መውረዱ ነው ጣጣው።

ለመጀመሪያ ማማ፣ መሣሪያው ቀስት እንኳ ቢሆን፣ ዝጉን ዓይነት እንመርጣለን፤ ብረቱን ገለበጥ አድርጎ ከመንገድ የሚያስወግድ ሞዴልም አለ። ብረቱ ግን የመውደቂያ መከላከያ አይደለም። ከፊት ያለች ቧንቧ መሃል ተቀምጦ ቀበቶ አላስፈልግም የሚል ሰው መቀመጫው ራሱ ሊንሸራተት እንደሚችል ረስቷል።

በመደብር ሳላችሁ የምታደርጉት ነገር ይኑር። የግንድ ስፋት ክልሉን ጠይቁ፤ ብዙው ከ20 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ግንድ ይይዛል። ጓንት አጥልቃችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ገመዱን ከቀዳዳው አስገቡ፣ ገመዱን የሚይዘውን ፒን ቆልፉ። አደን የሚወጣው ከንጋት በፊት ነው፤ በብርሃን የሚያስቸግር ፒን በጨለማ አይገባም። ቀጥሎ ሁለቱን ቁራጭ አጣጥፋችሁ ነቅንቁት። የሚንኳኳ ብረት ጫካ ውስጥም ይንኳኳል። መሸከሚያ ማንገቻውን አትመኑበት፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ፋብሪካ እዚህ ላይ ይሰስታል፣ የተሻለ ማንገቻ ለብቻው መግዛት የተለመደ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የማማ አምራቾች ማኅበር (ቲኤምኤ) የሚያረጋግጣቸው ማማዎች ሙሉ ሰውነት የሚይዝ የደህንነት ቀበቶ አብሯቸው ይሸጣል። የማኅበሩ ምልክት ካለ ማማው የጭነት ፈተና አልፏል ማለት ነው። ያገለገለ ማማ ሲሆን ሦስት ነገር ከሌለ ተዉት፦ የሞዴል መለያው፣ መመሪያው፣ የፋብሪካው ፒኖች። በፒኑ ቦታ ከብሎን ቤት የተገዛ ብሎንና ዳዶ የተተካበት ማማ ዋጋው የወረደበት ምክንያት አለው፤ ተራ ብሎን ጥንካሬው አይታወቅም፣ ሲበላም ሳያስጠነቅቅ ይቆረጣል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ገበያ ላይ ከዋሉ በኋላ እንዲመለሱ የተጠሩ ማማዎችን ዝርዝር ስለሚያወጣ የሞዴሉን ስም እዚያ መፈለግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ዛፉ

ክላይምበር ያለው ሰው መጀመሪያ አውሬው የሚያልፍበትን ሳይሆን ማማው የሚወጣበትን ዛፍ ይፈልጋል። ሁለቱ ሲገጥሙ ጥሩ፤ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ዛፉ ያሸንፋል፣ ቦታውን ሃያ ሜትር ማንቀሳቀስ ነው።

ግንዱ በሕይወት ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ እስከምትቀመጡበት ከፍታ ድረስ ቅርንጫፍ የሌለው ይሁን። የሞተ ዛፍ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ የበሰበሰ ይሆናል፤ ከላይ የሚወድቅ ደረቅ ቅርንጫፍም አለው። በሰሜን አሜሪካ የአሽ ዛፎችን ሁኔታ የማያውቅ አዳኝ እዚህ ይሳሳታል። ኤመራልድ አሽ ቦረር የተባለው አረንጓዴ ጥንዚዛ በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ከተገኘ ወዲህ እጅግ ብዙ አሽ ገድሏል። የሞተ አሽ ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደ ብስኩት የሚሰበር ይሆናል። ቀጥ ያለና ቅርንጫፍ የሌለው ስለሆነ ለክላይምበር የተሠራ ይመስላል፤ ቅርፊቱ ላይ የተላጠ ነጣ ያለ ቦታ ወይም የዲ ፊደል ቅርጽ ያለው ትንሽ ቀዳዳ ካያችሁ እለፉት።

ቅርፊቱን በእጅ ዳብሱት። ጥርስ የሚገባበት ሻካራ ቅርፊት፣ ለምሳሌ የኦክ፣ ከሁሉም ይሻላል። ቢችና ብርች ልሙጥ ናቸው፤ ዝናብ ሲነካቸው እንደ ሳሙና ያንሸራትታሉ። ባሕር ዛፍም እየተላጠ የሚያድግ ልሙጥ ቅርፊት ስላለው አይሆንም። ሻግባርክ ሂከሪ የሚባለው ተቃራኒ ችግር አለበት፦ ቅርፊቱ በረጃጅም ፍንካች ተገንጥሎ ይንጠለጠላል፣ ጥርሱ ፍንካቹን ይነክሳል፣ ፍንካቹ ከነማማው ይነሳል። የፓይን ቅርፊት ይይዛል፤ ሲወጣ ግን እየረገፈ ይንኮሻኮሻል፣ ሙጫውም ልብስ ላይ ይቀራል።

ግንዱ ላይ የተጠመጠመ ሐረግ ካለ ገመዱ ሐረጉን እንጂ ግንዱን አይዝም። ሐረጉ ፖይዘን አይቪ ከሆነ ደግሞ ቅጠሉ በረገፈበት ወራት እንኳ ቆዳ ያቃጥላል፤ ግንዱ ላይ ፀጉራም ገመድ የመሰለ ነገር ካያችሁ አትንኩት። በረዶ የያዘ ግንድ ላይ መውጣትማ ጨርሶ አይታሰብም።

አገጣጠም

ግንድ ወደ ላይ ሲሄድ ይቀጥናል። ከታች በልኩ የተገጠመ ገመድ አምስት ሜትር ላይ ሰፊ ይሆናል፤ ገመዱ ሲሰፋ ደግሞ የመርገጫው የውጭ ጫፍ ወደ ታች ያዘነብላል። ስለዚህ ከታች ስትገጥሙ የውጭው ጫፍ ወደ ላይ ቀና ብሎ ይጀምር። ለመካከለኛ ግንድ በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቀና ማለቱ ይበቃል፤ ቶሎ የሚቀጥን ግንድ ከሆነ ከዚያ በላይ። የመመሪያው ቁጥር ካለ እሱ ይቅደም። በጣም የሚቀጥነውን ዛፍ ግን መተው ይሻላል፤ ከታች ሲጀመር እግር የማይቆምበት ቁልቁለት ይሆናል።

ላይ ከደረሳችሁ በኋላ አዘንብሎ ካገኛችሁት መፍትሔው አንድ ነው፦ ወርዶ ከታች አስተካክሎ እንደገና መውጣት። ፒኑን ከፍታ ላይ ነቅሎ ገመዱን በአንድ ቀዳዳ ለማሳጠር የሚሞክር ሰው በዚያች ቅጽበት ማማውን ከዛፉ ጋር የሚያገናኘውን ብቸኛ ነገር በእጁ ይዟል። ላይ ሆነው በመዘውር እንዲያስተካክሉ ተደርገው የተሠሩ ሞዴሎች አሉ፤ እነሱ ልዩ ናቸው።

ከመውጣታችሁ በፊት ገመዱን በሙሉ ርዝመቱ በጣታችሁ ሂዱበት። የሽቦ ገመድ ላስቲክ ስለሚለብስ ዝገቱ ውስጥ ይደበቃል፤ ላስቲኩ ያበጠበት፣ የተሰነጠቀበት ወይም ቡናማ ውሃ ያስተፋበት ቦታ ካለ ገመዱ አልቋል። አንድ ጊዜ ታጥፎ የተጨማደደ ገመድም እንዲሁ ይጣል። ብየዳዎቹን እዩ፦ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ቀለሙ ላይ ነው የምትታየው። ከዚያ ሁለቱን ቁራጮች የምታገናኘውን ማያያዣ ገመድ እሰሩ። ይህችን ገመድ ብዙ ሰው ይንቃታል። መቀመጫው ላይ ሆናችሁ እግራችሁ ከመርገጫው የእግር ማሰሪያ ቢወጣ ክብደት ያጣው መርገጫ ተንሸራቶ መሬት ይደርሳል፤ እናንተ መቀመጫው ላይ ተንጠልጥላችሁ ትቀራላችሁ። ማያያዣዋ ካለች መርገጫው ከእግራችሁ ሥር ትንሽ ወርዶ ይቆማል፣ ጎትታችሁ ትመልሱታላችሁ።

የደህንነት ቀበቶው

ከስድስት ሜትር የሚወድቅ ሰው መሬት የሚደርሰው በአንድ ሰከንድ ከጥቂት ነው፤ ፍጥነቱም በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቅርንጫፍ ለመያዝ ጊዜ የለም።

ቀበቶው ትከሻን፣ ደረትንና ሁለቱን ጭኖች የሚይዝ ሙሉው ዓይነት ነው። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው የድሮ ቀበቶ መጣል ያለበት ነው፤ ሲወድቁ ወይ ወደ ደረት ተንሸራቶ ትንፋሽ ይዘጋል፣ ወይ ሰውየው ተገልብጦ ይወጣበታል። ሙሉው ቀበቶ ከላይኛው ጀርባ የሚወጣ ጅራት ገመድ አለው። ጅራቱ በካራቢነር ግንዱን ከሚዞር ሌላ ቀበቶ ጋር ይያያዛል፤ ግንዱን የሚዞረው ቀበቶ ወይም ገመድ ብዙውን ጊዜ ፕሩሲክ የሚባል ቋጠሮ አለው። ይህ ቋጠሮ በእጅ ሲገፋ ይንሸራተታል፣ በድንገት ሲጎተት ይነክሳል።

ሰው የሚሳሳተው ርዝመቱ ላይ ነው። ልኩ ተቀምጣችሁ ሳለ ጅራቱ እንዳይላላ ነው። ስትቀመጡ ጭናችሁ ላይ የሚያርፍ ጅራት ካለ፣ ያ ሁሉ ትርፍ ቀበቶው ከመያዙ በፊት የምትወድቁት ርቀት ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ትርፍ እንኳ በሰከንድ ከ3 ሜትር በላይ ፍጥነት ይሰጣል፤ ያ ፍጥነት በቅጽበት ሲቆም የሚመታው ጭንና አከርካሪ ነው። ከዚያም በላይ፣ ከማማው ጠርዝ በታች ወርዳችሁ ከተንጠለጠላችሁ ተመልሶ መውጣት ከባድ ነው። ግንዱን የሚዞረው ቀበቶ ከራስ በላይ ይታሰር።

ቀበቶው የሚታሰረው መሬት ላይ ነው፤ የሚፈታውም መሬት ላይ። ላይ ከደረስኩ በኋላ አስረዋለሁ ማለት ብዙው ሰው በሚወድቅበት ሰዓት፣ ማለትም ሲወጣ፣ ሲወርድና ሲዞር፣ ሳይታሰሩ መዋል ማለት ነው። የጭን ቀበቶዎቹ በክረምት ልብስ ላይ ሲሆኑ ጠበቅ ይበሉ፤ መዳፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ካለፈ በቂ ነው።

አንዴ የወደቃችሁበት ቀበቶ ደህና ቢመስልም አይደገምም፤ ስፌቱ ድንጋጤውን በመተርተር እንዲቀበል ተደርጎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ብዙ አምራቾች ከተሠራበት ቀን አምስት ዓመት ይሰጡታል፤ ቀኑ መለያው ላይ ይገኛል።

አወጣጡ

ከዚህ በፊት ወጥታችሁ ካላወቃችሁ የመጀመሪያው ቀን የአደን ቀን አይሁን። ቀን፣ ቀበቶ ታስሮ፣ ሰው አጠገብ ቆሞ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ሳያልፉ አሥር ጊዜ መውጣትና መውረድ ይለማመዱበታል።

ፊታችሁ ወደ ግንዱ ነው። የእግራችሁ ጣቶች ከመርገጫው ማሰሪያ ሥር ገብተው ተረከዛችሁ ከኋላ በሚይዘው የማሰሪያው ላስቲክ ተይዟል። አንድ ዙር እንዲህ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ግንዱን የሚዞረውን የደህንነት ቀበቶ እጅ እስከደረሰበት ወደ ላይ ግፉት። ቀጥሎ መርገጫው ላይ ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ መቀመጫውን በሁለት እጅ ያዙ፣ የውጭውን ጫፍ ቀና አድርጋችሁ ንክሻውን አላቁ፣ 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር አንሱት፣ የውጭውን ጫፍ ወደ ታች በኃይል ጫኑት። ጥርሱ መያዙን በአንድ ጎተት ፈትኑ። አሁን የውጭው አግዳሚ ላይ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ክብደታችሁ ሙሉ በሙሉ መቀመጫው ላይ ነው። ተረከዛችሁን አንሱ፣ ጣቶቻችሁ ወደ ታች ያመልክቱ፤ መርገጫው ይለቃል። ጉልበታችሁን ወደ ደረት ሳቡት፤ ደረጃው ሲበቃ ተረከዛችሁን ወደ ታች ግፉት። ነከሰ? ቀስ ብላችሁ ቁሙ። ይህ አንድ ዙር ነው፤ ለአምስት ሜትር ከፍታ ሃያ ገደማ ዙር ይፈጃል።

ስህተቱ ሁልጊዜ ከመቸኮል ይመጣል። ሰውየው ስምንተኛው ዙር ላይ ምቱን ያገኛል፣ 50 ሴንቲ ሜትር እያነሳ መውጣት ይጀምራል። ደረጃው ሲረዝም ጉልበት ከመቀመጫው ሥር ይጣበቃል፣ መርገጫው አንድ ጎኑ ቀድሞ አንድ ጎኑ ወደ ኋላ ቀርቶ በጠማማው ይነክሳል። በጠማማው የነከሰ መርገጫ ላይ ስትቆሙ ድንገት ቀጥ ይልና አሥር ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። አሥር ሴንቲ ሜትር ትንሽ ናት፤ መላ ሰውነት ግን ደንግጦ ግንዱን ያቅፋል፣ ግንዱን ማቀፍ ደግሞ ክብደትን ከውጭው ጫፍ ወደ ውስጥ ያመጣዋል። ያኔ ነው ሁለተኛው መንሸራተት የሚከተለው። ማማው ሲንሸራተት ትክክለኛው ነገር ከደመ ነፍስ ተቃራኒ ነው፦ ተረከዝን ወደ ውጭ መጫን።

ቡትሳችሁ ሥር ጭቃ ካለ ከመውጣታችሁ በፊት ጥረጉት፤ ተረከዝ የሌለው ጫማም ከላስቲኩ ያመልጣል። ወፍራሙን ጃኬት ለብሳችሁ አትውጡ፤ ቦርሳው ላይ እሰሩትና ላይ ስትደርሱ ልበሱት።

ምን ያህል ከፍ ይባል? ከ4.5 እስከ 6 ሜትር ለአብዛኛው ቦታ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያስገኘው ጥቅም ያንሳል፤ ግንዱ ይቀጥናል፣ ነፋስ ይወዘውዘዋል፣ ተኩሱም ያዘቀዝቃል። 6 ሜትር ላይ ሆናችሁ 15 ሜትር ርቆ የቆመን አጋዘን ስታዩ ወደ ታች የምታዘነብሉት 22 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 5 ሜትር ላይ የቆመውን ስታዩ ግን 50 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ማዕዘን ፍላጻ ከላይ ገብቶ አንዱን ሳንባ ብቻ የመንካት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የቆሰለው እንስሳም ሩቅ ሄዶ ይጠፋል።

ከፍታው ላይ ስትደርሱ ጀርባን ወደ ግንዱ የማዞሩ ነገር አለ። ይህ ከመውጣቱ ይብሳል። እግር ከማሰሪያው ይወጣል፣ ሰውነት ለአፍታ በአንድ እግር ይቆማል፣ ጅራት ገመዱም አብሮ ይዞራል። ገመዱ ከብብት ሥር ወይም አንገት ላይ እንዳይጠመጠም በአንድ እጅ ከራስ በላይ ይዛችሁ፣ በሌላው እጅ የመቀመጫውን ቧንቧ ጨብጣችሁ፣ በትንንሽ እርምጃ ዙሩ። ከተቀመጣችሁ በኋላ በመቀመጫውና በመርገጫው መካከል ያለችውን ማያያዣ ወጥሩ። ፋብሪካው የማረጋጊያ ቀበቶ ከሰጣችሁ መርገጫውን ከግንዱ ጋር አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ለመተኮስ ስትነሱና ጀርባችሁን ግንዱ ላይ ስታስደግፉ ክብደቱ ወደ ውስጥ ስለሚመጣ ንክሻው የሚላላው ያኔ ነው።

መሣሪያውን ማውጣት

በእጅ ወይም በትከሻ ይዞ መውጣት የለም። የመጎተቻ ገመዱን አንድ ጫፍ መቀመጫው ላይ እሰሩት፣ ሌላውን ጫፍ ታች መሣሪያው ላይ። ጠመንጃው ባዶ ይሁን፣ ጥይት ማጉረሻው ክፍት ይሁን፣ አፈሙዙ ወደ ታች ይንጠልጠል፤ ገመዱ ቃታው አካባቢ አይለፍ። አፈሙዙ አፈር እንዳይጎርስ ቀለል ያለ ፕላስተር ይለጠፍበታል፤ ላይ ሲደርስ ይነሳል። ክሮስቦው (እንደ ጠመንጃ በቃታ የሚተኮስ ቀስት) ሳይወጠር ይወጣል። የፍላጻ ስለቶች ሙሉ በሙሉ ተሸፍነው ኮሮጆ ውስጥ ይግቡ። አንድ ነገር ብዙ ሰው አያስብም፦ መሣሪያው መሬት ላይ የሚጠብቀው ከምትወጡበት ጎን በተቃራኒ፣ ከግንዱ ማዶ ነው። ብትወድቁ እላዩ ላይ እንዳትወድቁ።

ስልኩ፣ ፉጨቱና ቢላዋው ልብስ ኪስ ውስጥ ይሁኑ እንጂ ቦርሳ ውስጥ አይሁኑ። በቀበቶ ተንጠልጥላችሁ ሳለ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ቦርሳ ከጨረቃ ይርቃል። የት ዛፍ ላይ እንደሆናችሁና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ የሚያውቅ ሰው ይኑር።

ቀበቶው ከያዛችሁ በኋላ

መውደቁ ቆመ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። ሰው ሳይንቀሳቀስ በቀበቶ ሲንጠለጠል ደም እግሩ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ወደ ልብና ወደ አንጎል የሚመለሰው ይቀንሳል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ራስን ሊያስት፣ ከቆየም ሊገድል ይችላል። ለዚህ ነው ቀበቶው ላይ ተጠቅልላ የምትቀመጥ የእግር መርገጫ ማሰሪያ ያለችው። ፈትታችሁ አንድ እግር አስገቡባት፣ ቁሙባት፤ የጭኑ ጫና ይቀንሳል። እግራችሁን አንቀሳቅሱ፣ ግንዱን ግፉ። ማማው አጠገባችሁ ካለ ተመለሱበት፤ ካልሆነ እርዳታ ጥሩ። ማሰሪያዋ የት እንዳለች መሬት ላይ ሳላችሁ በጨለማ ፈልጋችሁ ማግኘት ይኖርባችኋል። ቀበቶውን በቢላዋ ቆርጦ መውረድ ስድስት ሜትሩን እንደገና መጀመር ነው።

አወራረዱ ያው አወጣጡ ተገልብጦ ነው፦ መሣሪያው ባዶ ሆኖ ቀድሞ ይወርዳል፣ ማረጋጊያው ይፈታል፣ ፊት ወደ ግንዱ ይዞራል፣ እግር ማሰሪያው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ መርገጫው መጀመሪያ፣ መቀመጫው ቀጥሎ፣ የደህንነት ቀበቶው በመጨረሻ ዝቅ ይላል። ለብዙ ሰዓት የቆየ ጉልበት ስለሚደነዝዝ ከመነሳታችሁ በፊት ተቀምጣችሁ ሳለ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት አፍታቱ። ያረፈደ ጤዛ ወይም ዝናብ ቅርፊቱን ካረጠበው ደረጃዎቹን ወደ 15 ሴንቲ ሜትር አሳንሱ፤ ውሃ የጠጣ ቅርፊት ጠዋት የያዘውን ማታ ላይዝ ይችላል። ነጎድጓድ ከተሰማ ግን መጠበቅ የለም፣ መውረድ ነው።

ማማውን ዛፍ ላይ ትቶ መሄድ አይለምድባችሁ። ፀሐይ ቀበቶውን ታደርቀዋለች፣ ሽኮኮ የመቀመጫውን ጨርቅና ማያያዣ ገመዱን ያኝካል፣ ሳምንት በዝናብ የቆየ ገመድም ላስቲኩ ሥር ውሃ ይዞ ይከርማል። ቤት ስትገቡ ጥርሱ ውስጥ የቀረውን ቅርፊት በብሩሽ አውጡት፤ በቅርፊት የተሞላ ጥርስ የሚቀጥለውን ግንድ አይነክስም። ፒኖቹን ቁጠሩና ከማማው ጋር እሰሯቸው፣ ደረቅ ቦታ ላይ ስቀሉት።